ካርቦን አልባው ድሪል ዋጋውን ያወጣል?

መርካቶ ውስጥ የሥራ መሣሪያ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ድሪሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊያገኝ ይችላል። ቀለማቸው አንድ ነው፣ የአንዱ ባትሪ ለሌላው ይሆናል፣ በእጅ ሲመዝኗቸውም እምብዛም አይለያዩም። አንደኛው ላይ ግን «ብራሽለስ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ በዚያች ጽሑፍ የተነሳም ዋጋው ከጓደኛው ዘለግ ይላል። ሻጩ «ይሄኛው ካርቦን የለውም፣ አይቃጠልም፣ ባትሪ አይበላም» ብሎ ሦስት ምክንያት ይደረድራል። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው። ሦስተኛው እውነት የሚሆነው ወይም ወሬ ሆኖ የሚቀረው እንደ ገዢው ሥራ ነው። ልዩነቱን ከፍሎ መውሰድ ያለበት መሣሪያውን በየቀኑ ለረጅም ሰዓት የሚያስጨንቅ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ለቤቱ መጋረጃና መደርደሪያ የሚሰቅል ግን ያንኑ ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ ቢገዛበት ይበልጥ ይጠቀማል። ለዚህ ምክንያቱ ያለው ሞተሩ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ካርቦን የሚባለውን ለማየት አሮጌ ድሪል መፍታት ነው። ከሞተሩ ጀርባ ግራና ቀኝ፣ የጣት ጥፍር የሚያክሉ ሁለት ጥቁር ቁርጥራጮች በትንንሽ ሞላ እየተገፉ ከሚሽከረከር የመዳብ ቀለበት ጋር ተጣብቀው ይታያሉ። ቀለበቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በቀጫጭን ክፍተቶች ተከፋፍሏል፣ እያንዳንዱ ክፋይም መሐል ላይ ከሚዞረው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ጋር ተያይዟል። ከባትሪው የመጣው ኤሌክትሪክ በካርቦኑ በኩል ወደ ጥቅሉ ይገባል፤ ጥቅሉ ትንሽ ሲዞር ካርቦኑ ቀጣዩን ክፋይ ያገኛል፣ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ይገለበጣል፣ ሞተሩም ሳይቆም ይዞራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ቶማስ ዳቬንፖርት የተባለው የቬርሞንት አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1837 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሞተር የሚዞረው በዚሁ መንገድ ነበር። ችግሩ እየተፋተጉ መሥራት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው። ካርቦኑ ይበላል፣ ቀለበቱ ይቦረቦራል፣ ከባትሪው ከወጣው ጉልበት የተወሰነው ሥራ ሳይሠራ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ድሪሉ ሲጨነቅ ከኋላው ባለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ የሚታየው ሰማያዊ ብልጭታም ካርቦኑ ከአንዱ ክፋይ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈጠር ነው።

ብራሽለሱ ነገሩን ገልብጦታል። የመዳቡ ጥቅል ዳር ላይ ተቀምጦ አይንቀሳቀስም፤ መሐል የሚዞረው ማግኔት ነው። ማግኔት ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዲደርሰው ስለማያስፈልግ የሚነካውም የሚፋተገውም ነገር የለም። የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ የመገለባበጡን ሥራ የወሰደችው አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ማግኔቱ የት እንደደረሰ እየተከታተለች ትራንዚስተሮቿን በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1962 አቅርበውታል። ብላክ ኤንድ ዴከር በባትሪ የሚሠራውን የመጀመሪያውን ድሪል ለገበያ ያወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1961 ነው። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ዓመት ልዩነት የተወለዱ ቢሆኑም በአንድ እጀታ ላይ በሰፊው ለመገናኘት ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ኒዮዲሚየም የሚባለው ብርቱ ማግኔት መምጣት ነበረበት፤ ትራንዚስተር መርከስ ነበረበት፤ ሚልዋኪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእጅ መሣሪያ ያቀረበው ዓይነት የሊቲየም ባትሪም መለመድ ነበረበት።

እዚህ ላይ ሻጩም ካርቶኑም ወደሚመኩበት ቁጥር እንምጣ። በሙያው ዘንድ በተለምዶ እንደሚጠቀሰው ካርቦን ያለው ሞተር ከተቀበለው ጉልበት ከ75 እስከ 80 በመቶውን፣ ብራሽለሱ ደግሞ ከ85 እስከ 90 በመቶውን ወደ ሥራ ይለውጣል። ሒሳቡን እንሥራው። ከ75 ወደ 85 ማለት በአንድ ቻርጅ 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ከ75 ወደ 90 ቢሆን 20 በመቶ። ታዲያ ብዙ ካርቶን ላይ የሚታየው «እስከ 50 በመቶ የበለጠ» ከየት መጣ? መልሱ ያለው «እስከ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ካርቦን ያለው ሞተር ሲጨነቅ ውጤታማነቱ ከተለመደው ቁጥር ወርዶ ይገኛል፤ ፈተናው በዚያ ጭንቅ ላይ ከተደረገ ልዩነቱ ይሰፋል። ላላ ያለ እንጨት ላይ ብሎን እየነዱ ቢለኩት ይጠብባል። አምራቹ ደግሞ የሚያወዳድረው በአብዛኛው የራሱን አዲስ ሞዴል ከራሱ አሮጌ ሞዴል ጋር፣ ራሱ በመረጠው ፈተና ነው። ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን የሰው ሁሉ ሥራ ያንን ፈተና አይመስልም።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ሌላም ነገር አለ። የሚቆጠበው ኤሌክትሪክ በገንዘብ ሲተመን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ባለ 18 ቮልት፣ 2 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 36 ዋት ሰዓት ነው፤ ትልቁ ባለ 5 አምፒር ሰዓት እንኳ 90 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በቆጣሪያችን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ትንሹን ባትሪ፣ ቻርጀሩ የሚያባክነውም ታስቦ፣ ከ20 ጊዜ በላይ ይሞላዋል። ስለዚህ ቁጠባው ከመብራት ሒሳብ ላይ አይደለም፤ ከባትሪው ዕድሜ ላይ ነው። የሊቲየም ባትሪ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ቻርጅ ከተደረገ በኋላ መያዝ የሚችለው መጠን በሚታይ ሁኔታ ይቀንሳል፤ በባትሪ በሚሠራ መሣሪያ ላይ ውዱ ዕቃ ደግሞ እሱ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ቻርጅ የሚያደርግ ባለሙያ ያንን ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። ለእሱ እያንዳንዱ ቻርጅ 15 ወይም 20 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ሲሰጠው ከጊዜ በኋላ ከኪሱ የሚወጣው የባትሪ ዋጋ በዚያው ልክ ይዘገያል። በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ቻርጅ የሚያደርግ የቤት ባለቤት ግን ባትሪውን በሥራ አይጨርሰውም። ባትሪው የሚሞተው አርጅቶ ነው፤ ይባስ ብሎ ባዶውን ለወራት መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ። ቁጠባው ወረቀት ላይ አለ፣ እጁ ላይ ግን አይደርስም።

የሁለተኛው ባትሪ ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሁለቱ ድሪሎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ወደ አንድ ትርፍ ባትሪ ዋጋ የሚጠጋ ከሆነ ምርጫው ግልጽ ነው። ብራሽለሱ የሥራውን ጊዜ ምናልባት በአምስት አንድ እጅ ያራዝመዋል፤ ሁለተኛው ባትሪ እጥፍ ያደርገዋል። ከዚህም በላይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ተሞልቶ የተቀመጠ ትርፍ ባትሪ ማለት የማይቆም ሥራ ማለት ነው። ሁለተኛ ባትሪ ያው ያረጃል፣ ሞተሩ ግን ይኖራል ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚነሳ ካርቦን ያለው ድሪልም በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም። ካርቦን የሚያልቀው በቆየበት ዓመት ብዛት ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው።

ነገሩ የሚገለበጠው ሥራው ሲከብድ ነው፤ ለዚህም በርና መስኮት ሠሪው ቤት ያለውን ግራይንደር መመልከት ይበቃል። ቱቦላሬ የሚቆርጥ ሰው መሣሪያውን የሚይዘው እንደ ድሪል ለሰከንዶች አይደለም፤ ዲስኩ ብረቱ ላይ ተጭኖ ለደቂቃዎች ይቆያል። ጫናው ሲጨምር የሞተሩ ፍጥነት ይወርዳል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን ጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። ካርቦን ባለው ሞተር ውስጥ ይህ ሁሉ ሙቀት የሚፈጠረው መሐል ላይ በሚዞረው ጥቅል ውስጥ ስለሆነ ቶሎ መውጫ የለውም፤ የሽቦው ሽፋን ቀልጦ ያ የታወቀው የተቃጠለ ሞተር ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በብራሽለሱ ጥቅሉ ዳር ላይ ስለተቀመጠ ሙቀቱን ወደ ውጭ ለማስወጣት ይቀለዋል። ሰሌዳዋም የሚሳበውን ኤሌክትሪክ ስለምትለካ መሣሪያው ከአቅሙ በላይ ሲጨነቅ ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ታቆመዋለች። ክብ መጋዝና የኮንክሪት መብሻ ሀመርም ከግራይንደሩ ጋር የሚመደቡ ናቸው። አርማታ የሚበሳ፣ ቱቦላሬ የሚቆርጥ፣ ጣውላ ሲሰነጥቅ የሚውል ሰው ካርቦን ያለው የባትሪ መሣሪያ ገዝቶ አተረፍኩ ቢል ትርፉ ብዙ አይቆይም። በነገራችን ላይ የሥራ ቦታው ሁልጊዜ ሶኬት አጠገብ ከሆነ ባትሪውን ራሱን መተው ይቻላል፤ በገመድ የሚሠራው ግራይንደር ረክሶ የሚገኝ፣ ጉልበቱም የማይደክም ነው።

ጂፕሰም ሠራተኞችም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ኮርኒስ ላይ ብሎን ሲያስሩ ሲውሉ መሣሪያው ከራሳቸው በላይ ተይዞ ነው። የብራሽለስ ሞተር ለተመሳሳይ ጉልበት አጠር ያለ ስለሚሆን የመሣሪያው ጭንቅላትም ያጥራል፤ በትንሹ ባትሪ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ከተቻለ ደግሞ ትልቁንና ከባዱን መሸከም አይኖርም። ይህ በብር የሚተመን ባይሆንም ትከሻ የሚያውቀው ልዩነት ነው።

በብራሽለስ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ሁሉ እኔ በጣም የማከብረው የጥገናውን ነው። ካርቦን ያለው መሣሪያ ሲደክም መፍትሔው በየከተማው አለ። ካርቦኑ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል፤ ልኩ ባይገኝ ጠጋኙ ከፍ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ያስገባዋል። ጥቅሉ ቢቃጠል እንኳ የሞተር ጥቅለላ የሚያውቅ እጅ አይጠፋም። የብራሽለሷ ሰሌዳ ስትበላሽ ግን ብዙ ጊዜ የምትሸጠው ከማብሪያው፣ አንዳንዴም ከነጥቅሉ ተያይዛ ነው፤ ዋጋዋም ወደ አዲስ መሣሪያ ይጠጋል፣ እሱም ከተገኘች። «አይቃጠልም» የሚለው የሻጩ ቃል ግማሽ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሞተሩ በቀላሉ አይቃጠልም፣ ሰሌዳዋ ግን በሙቀት፣ በእርጥበት፣ በተለይም ርካሽ በሆኑት ላይ በደንብ ሳትሸፈን ስትቀር በብረት ብናኝ ልትሞት ትችላለች። ካርቦን ያላቸው በገመድ የሚሠሩ ድሪሎችና ግራይንደሮች ካርቦናቸው እየተቀየረ ለረጅም ዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩ መሆናቸውም ይህን ተቃውሞ ያጠናክረዋል።

ተቃውሞው ግን የሚመስለውን ያህል ሰፊ ቦታ አይሸፍንም። አንደኛ፣ ርካሽ ከሆኑት የባትሪ ድሪሎች ብዙዎቹ ካርቦናቸው እንዲቀየር ተደርገው አልተሠሩም። ሞተሩ በቆርቆሮ የታሸገ ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ካርቦኑ ሲያልቅ ሞተሩ በሙሉ ይጣላል። ካርቦን የሚቀየርለትን መሣሪያ ለመለየት ከሞተሩ ግራና ቀኝ በብሎን መፍቻ የሚከፈቱ ሁለት ክብ ክዳኖች መኖራቸውን ማየት ነው፤ ክዳኑ ከሌለ ስለ ጥገና ቀላልነት ከመኩራራት በፊት ጠጋኝ መጠየቅ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የባትሪ መሣሪያ የሚቆመው በሞተር ብቻ አይደለም። ባትሪው፣ ማብሪያው፣ መያዣው፣ ማርሹና ኩሽኔታው በሁለቱም ላይ ያው ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ያልቃሉ። ሦስተኛ፣ በየቀኑ የሚሠራ ባለሙያ የሚያሰላው የጥገናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ሱቅ ተቀምጦ የሚያልፈውን የሥራ ቀንም ነው። እኔ ተቃውሞውን ሙሉ በሙሉ የምቀበለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ከትላልቅ ከተሞች ርቆ ለሚሠራ፣ መካከለኛ ሥራ ላለውና የሚቀየር ካርቦን ያለው መሣሪያ ላገኘ ሰው አሮጌው ሞተር ዛሬም የተሻለ ምርጫ ነው።

ዋጋው ራሱ እየተለወጠ መሄዱንም ማሰብ ይገባል። ቀድሞ ብራሽለስ የውዶቹ ኩባንያዎች መለያ ነበር፤ ዛሬ እኛ ገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት እንደ ቶታልና ኢንግኮ ያሉ የቻይና ምርቶች ሳይቀሩ ሁለቱንም ዓይነት ያቀርባሉ። ልዩነቱ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በጣም አንሶ ሲገኝ ለቤት የሚገዛውም ቢሆን ብራሽለሱን ቢወስድ አልቃወምም። ይሁንና ብራሽለስ የሚለው ቃል የሞተሩን ዓይነት እንጂ ጥራቱን አይናገርም። በደንብ የተሠራ ካርቦን ያለው ድሪል በግድየለሽነት ከተሠራ ብራሽለስ ይበልጣል። ባትሪውም ይወስናል። ባለ 18 ቮልት ትንሽ ባትሪ አምስት ሴሎችን ይይዛል፤ ትልቁ ብዙ ጊዜ አሥር ሴሎች በሁለት በሁለት ተጣምረው ስለሚሠሩ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንዴ መስጠት ይችላል። ጉልበተኛ ብራሽለስ ግራይንደር ገዝቶ በ1.5 አምፒር ሰዓት ባትሪ የሚያሠራ ሰው የከፈለበትን ጉልበት በከፊል እንኳ ሳያየው ይቀራል።

የቮልት ቁጥር ላይ ያለው ጨዋታ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። አምስት የሊቲየም ሴሎች እያንዳንዳቸው በመደበኛ ልኬት 3.6 ቮልት ስለሆኑ ድምራቸው 18 ነው፤ ቻርጅ ተደርገው ሙሉ ሲሆኑ ከ20 ቮልት በላይ ያሳያሉ። ስለዚህ አንዱ ኩባንያ 18፣ ሌላው 20 ብሎ ቢጽፍ ባትሪው ያው ነው፤ ለሁለቱ ቮልት ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። በጣም ርካሽ በሆኑትና የታወቀ ኩባንያ መልክ በተሰጣቸው ፎርጅድ መሣሪያዎች ላይ ግን 48፣ 88፣ አንዳንዴም 128 ተብሎ ከጎኑ የላቲን ቪና ኤፍ ፊደላት ተጽፈው ይታያሉ። ውስጣቸው ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኙት ያው አምስት ሴሎች ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ላይ «ብራሽለስ» የሚለውም እንዲሁ ሊለጠፍ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሱቁ ውስጥ ጥላ ወዳለበት ዞር ብሎ መሣሪያውን በሙሉ ፍጥነት ማስነሳትና በኋላው የአየር ቀዳዳ ወደ ውስጥ ማየት። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ካርቦን አለው፤ ጽሑፉ ምንም ቢል።

ከአሜሪካ ዕቃ የሚልኩ ዘመዶች ያሏቸው አንባቢዎች ሌላ ስሌት ይገጥማቸዋል። ከዚያ በስጦታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ብራሽለስ ነው፤ ቻርጀሩ ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ እኛ አገር 220 ቮልት ሶኬት ላይ የተሰካ ዕለት ያልቅለታል። ባትሪው ግን ችግር የለበትም፤ የዚያው ኩባንያ ባለ 220 ቮልት ቻርጀር ከተገኘ ይሠራል። በጉዞም ላይ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው ደግሞ፣ እስከ 160 ድረስ፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ 18 ቮልት፣ 5 አምፒር ሰዓቱ 90 ስለሆነ ያልፋል፤ ባለ 6 አምፒር ሰዓቱ 108 ስለሆነ መጠየቅ አለበት። ዘመድ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ሞተሩ ብራሽለስ ነው ወይ የሚለው አይደለም፤ ለዚያ መሣሪያ የሚሆን ባትሪና ቻርጀር አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጣል ወይ የሚለው ነው። ካልተሸጠ ያ ውድ ሞተር ዕድሜው አብረውት የመጡት ሁለት ባትሪዎች የሚቆዩትን ያህል ብቻ ነው፤ እዚሁ ከሱቅ የተገዛ፣ ባትሪው በቀላሉ የሚገኝ ካርቦን ያለው ድሪል ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት ሊሠራ ይችላል።